ከብዙ ካሜራ የተቀረጸን ቪዲዮ በመልቲካሜራ ሲኩዌንስ ማቀናበር

አንድን የመድረክ ውይይት፣ የሙዚቃ ዝግጅት ወይም ረዘም ያለ ገለጻ በሦስትና በአራት ካሜራ የቀረጸ ሰው ወደ ቅንብር ሲገባ ቀድሞ የሚያስጨንቀው የፋይሎቹ ብዛት ነው። ክሊፖቹን በታይምላይን (በጊዜ ቅደም ተከተል በሚደረደሩበት መስመር) ላይ አንዱን ባንዱ ላይ ደርድሮ፣ የላይኛውን እየቆረጡ የታችኛውን ማሳየት ይቻላል፤ ለአምስት ደቂቃ ሥራ ይህ በቂ ነው። ሥራው አንድ ሰዓት ሲሆን ግን በምላጭ መሣሪያ የተቆራረጠው ታይምላይን ከመብዛቱ የተነሣ የትኛው ክሊፕ ከየትኛው እንደሚመሳሰል እንኳ መለየት ያስቸግራል፤ አንዱ ቁራጭ በስህተት ከቦታው ከተንሸራተተም መልሶ ማግኘቱ ቀላል አይደለም። መልቲካሜራ ሲኩዌንስ የተበጀው ለዚህ ነው። የሁሉንም ካሜራ ምስል ጎን ለጎን እያሳየ፣ ቪዲዮው እየተጫወተ ሳለ የካሜራውን ቁጥር በመጫን ብቻ ከአንዱ ወደ ሌላው እንድንሻገር ያስችለናል።

ቁጥር መጫኑን ማንኛውም ሰው በአሥር ደቂቃ ይለምደዋል። ሥራው የሚሰምረው ወይም የሚበላሸው ከመጀመሪያው ቆረጣ በፊት ባለው ዝግጅት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማመሳሰሉ ላይ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያም ረዘም አድርጎ የሚቆየው እዚያ ላይ ነው። ዝርዝሩን በአዶቢ ፕሪሚየር ፕሮ አሳያለሁ፤ በዳቪንቺ ሪዞልቭና በፋይናል ከት ፕሮ የሚለየውን በየቦታው እጠቁማለሁ። በሦስቱም ውስጥ ሐሳቡ አንድ ነው።

በቀረጻው ቦታ

የመልቲካሜራ ቅንብር የሚጀምረው ካሜራዎቹ በሚቆሙበት ቦታ ነው። ሁሉም ካሜራዎች በአንድ የፍሬም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ እኩል የምስል ብዛት መቅረጽ አለባቸው። አንዱ በሰከንድ 25፣ ሌላው 30 ፍሬም ቢቀርጽ ሶፍትዌሩ ሁለቱንም በአንድ ሲኩዌንስ ውስጥ ያጫውታቸዋል፤ ነገር ግን ከሲኩዌንሱ ጋር የማይገጥመው ካሜራ ፍሬም እየተዘለለበት ወይም እየተደገመበት ስለሚሄድ፣ እጅ ሲወራጭ ወይም ካሜራው ሲዞር እንቅስቃሴው ሲቆራረጥ ይታያል። በተለይ 29.97ን ከ30፣ 23.976ን ከ24 አንድ አድርጎ መቁጠር አደገኛ ነው። ልዩነቱ ከሺህ አንድ ብቻ ቢሆንም፣ አንዱ እንደ ሌላው ተደርጎ ከተነበበ በአንድ ሰዓት ውስጥ 3.6 ሰከንድ ይሆናል።

እያንዳንዱ ካሜራ ድምፅ መቅረጽ አለበት፤ ዋናው ድምፅ በተለየ መቅረጫ ቢያዝም እንኳ። የካሜራው ማይክሮፎን የቀረጸው ድምፅ በመጨረሻው ቪዲዮ ውስጥ ባይሰማም፣ ሶፍትዌሩ ክሊፖቹን የሚያዛምድበት መታወቂያ እርሱ ነው። የካሜራ ባለሙያው «ድምፁ አያስፈልግም» ብሎ ማይክሮፎኑን ከዘጋ፣ የዚያን ካሜራ ምስል በከንፈር እንቅስቃሴ እየገመቱ ማዛመድ ግድ ይሆናል።

ሁሉም ካሜራ እየቀረጸ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ አንድ ሰው ሁሉም በሚያዩት ቦታ ቆሞ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጎ ያጨብጭብ። ዝግጅቱ ሲያበቃም፣ ካሜራዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት፣ ይኸው ይደገም። የመጨረሻውን ጭብጨባ ብዙዎች ይተዉታል፤ ጥቅሙ ግን ከመጀመሪያው አያንስም፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናየዋለን።

በመሀል ካሜራ መዝጋትና መክፈትም አይመከርም። እያንዳንዱ መዝጋት አዲስ ክሊፕ ይፈጥራል፤ እያንዳንዱ አዲስ ክሊፕ ደግሞ ራሱን የቻለ የማመሳሰል ሥራ ነው። ቪዲዮ የሚቀርጹ አንዳንድ የፎቶግራፍ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ በራሳቸው ይቆማሉ። እንዲህ ዓይነት ካሜራ ካለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ባዶ እንዳይሆኑ አስቀድሞ በየተራ አቋርጦ ማስጀመር ይገባል። የዋይት ባላንሱ (የነጩ ቀለም ሚዛን) ነገር አጭር ነው፦ አውቶማቲኩን ያጥፉ፣ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት የኬልቪን ቁጥር ያስገቡ።

ፋይሎቹን ማደራጀት

ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ ፎልደር ያዘጋጁና የሜሞሪ ካርዱን ይዘት እንዳለ፣ ከነፎልደሮቹ ይገልብጡ። የቪዲዮ ፋይሎቹን ብቻ መርጦ ማውጣት ሥራን የሚያቀል ይመስላል። ይሁን እንጂ ብዙ ካሜራዎች አንድን ረጅም ቀረጻ በየ4 ጊጋባይቱ ከፋፍለው ያስቀምጡታል፤ ቁርጥራጮቹ የአንድ ቀረጻ አካል መሆናቸውን የሚናገሩት ደግሞ በካርዱ ላይ ያሉት ሌሎች ትንንሽ ፋይሎች ናቸው። እነርሱ ከጠፉ በመገጣጠሚያው ላይ ጥቂት ፍሬም ድምፅ ሊጎድል ይችላል። ካርዱ ሙሉ ሆኖ ከተገለበጠ ግን በፕሪሚየር «ሚዲያ ብራውዘር» በኩል ሲያስገቡት የተከፋፈለው ቀረጻ እንደ አንድ ክሊፕ ሆኖ ይመጣል።

በፕሮጀክቱ ውስጥም እንዲሁ ለየካሜራው አንድ ቢን (ክሊፖች የሚቀመጡበት ፎልደር) ይክፈቱና «ካሜራ 1 ሰፊ»፣ «ካሜራ 2 ተናጋሪ»፣ «ካሜራ 3 ታዳሚ» እያሉ ሥራውን በሚገልጽ ስም ይሰይሟቸው። ቁጥሮቹ በኋላ ኪቦርድ ላይ የሚጫኑት ቁጥሮች ስለሚሆኑ ከአሁኑ አስበው ይመድቧቸው። እኔ ሰፊውን ምስል ሁልጊዜ 1 አደርገዋለሁ፤ ግራ ሲገባኝ ጣቴ ሳላስብ የሚሄድበት ቁልፍ እርሱ ነውና።

በስልክ የተቀረጸ ምስል ካለ ለብቻው ሊታይ ይገባል። አብዛኞቹ ስልኮች የፍሬም ፍጥነታቸው የማይረጋ ነው፤ በአንዱ ሰከንድ 30፣ በሌላው 28 ፍሬም ሊቀርጹ ይችላሉ። እንዲህ ያለው ክሊፕ መጀመሪያው ላይ በትክክል ተመሳስሎ መሀል ላይ ከድምፁ ይለያያል፤ ችግሩም ወጥ ስላልሆነ በአንድ ጊዜ ሊታረም አይችልም። ወደ ፕሮጀክቱ ከመግባቱ በፊት እንደ ሃንድብሬክ ባለ ነጻ ሶፍትዌር «ኮንስታንት ፍሬም ሬት» የሚለውን መርጦ፣ ከሌሎቹ ካሜራዎች ጋር አንድ በሆነ ፍጥነት መለወጡ ብዙ ሰዓት ይቆጥባል።

ማመሳሰል

ሶፍትዌሮቹ ክሊፖችን የሚያመሳስሉባቸው መንገዶች አራት ናቸው ማለት ይቻላል፦ በክሊፑ መነሻ ወይም መድረሻ ነጥብ፣ በታይምኮድ (ካሜራው በየፍሬሙ ላይ በሚመዘግበው የሰዓት ቁጥር)፣ በማርከር (በክሊፑ ላይ በእጅ በሚቀመጥ ምልክት) እና በድምፅ።

ካሜራዎቹ በታይምኮድ መሣሪያ ተያይዘው ከሆነ ከታይምኮድ የሚቀል የለም፤ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን አንብቦ እያንዳንዱን ክሊፕ፣ በመሀል ተዘግቶ የተከፈተውንም ጭምር፣ በቦታው ያስቀምጠዋል። የካሜራዎቹን ሰዓት በእጅ አስተካክሎ በዚያ ብቻ መተማመን ግን አይቻልም። በእጅ የተሞላ ሰዓት በግማሽ ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊለያይ ይችላል፤ ዓይን ደግሞ የሁለትና የሦስት ፍሬም ልዩነትን ሳይቀር ከንፈር ላይ ይይዛል።

በማርከር ለማመሳሰል እያንዳንዱን ክሊፕ ከፍተው ጭብጨባውን ይፈልጉ። በዚህ ቦታ ላይ ቸኩሎ ማለፍ አይገባም። በአንድ ፍሬም መዳፎቹ ተቀራርበው ገና አልተገናኙም፤ በሚቀጥለው ተገናኝተዋል፤ ከዚያ በሚቀጥለው አንዳንዴ ወደ ኋላ መለስ ማለት ጀምረዋል። ማርከሩ የሚቀመጠው መዳፎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገናኝተው በሚታዩበት ፍሬም ላይ ሲሆን፣ በድምፅ ሞገዱ ላይም ቀጥ ብሎ የቆመው ቀጭን ጫፍ እዚያው ወይም አጠገቡ ሊሆን ይገባል። የቀስት ቁልፎቹን እየተጫኑ አንድ አንድ ፍሬም መሄድ እንጂ በማውስ እየጎተቱ ማግኘት አይቻልም።

በድምፅ ማመሳሰል ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት መንገድ ነው፤ ሶፍትዌሩ የየክሊፑን የድምፅ ሞገድ አነጻጽሮ ቦታውን ያገኛል። ጥሩ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቀረጽ አንዱ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ስለሚቆይ፣ ድምፁ በአንድ ፍሬም ውስጥ የሚሄደው 14 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከመድረኩ 28 ሜትር ርቆ ከአዳራሹ ጀርባ የቆመ ካሜራ ማይክሮፎኑ ድምፁን የሚሰማው ሁለት ፍሬም ያህል ዘግይቶ ነው፤ ብርሃኑ ግን ወዲያው ይደርሰዋል። ሶፍትዌሩ የዚያን ካሜራ ድምፅ ከመድረኩ መቅረጫ ድምፅ ጋር ሲያገጥም ክሊፑን በሁለት ፍሬም ያስቀድመዋል፣ ማለትም በታይምላይኑ ላይ ወደ ግራ ይወስደዋል፤ ውጤቱም የተናጋሪው ከንፈር ከድምፁ ቀድሞ የሚንቀሳቀስ ይሆናል። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን በትክክል ሠርቷል። መፍትሔው ከማመሳሰሉ በኋላ የሩቁን ካሜራ ምስል በርቀቱ ልክ በፍሬም ማዘግየት፣ ማለትም ወደ ቀኝ መግፋት ነው፤ ለዚህም ነው የካሜራዎቹን ርቀት በቀረጻው ዕለት በማስታወሻ ላይ መጻፍን የምመክረው።

ሁለተኛው ነገር የካሜራዎቹ የውስጥ ሰዓት ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ፍሬሞቹን የሚቆጥረው በራሱ ክሪስታል ሲሆን፣ ሁለት ክሪስታሎች ፍጹም እኩል አይመቱም። ከሚሊዮን 20 ያህል ብቻ ቢለያዩ በአንድ ሰዓት 72 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም ወደ ሁለት ፍሬም የሚጠጋ መንሸራተት ይፈጠራል። በአጭር ክሊፕ አይታይም፤ በረጅም ዝግጅት ግን ቀስ በቀስ እየሰፋ ይሄዳል።

ይህን የተማርኩት በሥራ ላይ ነው። ሁለት ሰዓት ገደማ የፈጀ የመድረክ ውይይት በሦስት ካሜራ ተቀርጾ ተሰጠኝ። በመጀመሪያው ጭብጨባ አመሳስዬ፣ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች ተመልክቼ፣ ሁሉም ልክ መሆኑን ካየሁ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስቆርጥ ሰነበትኩ። ወደ መጨረሻው ስደርስ በሦስተኛው ካሜራ ላይ የምትናገረው ሴት ከንፈሯ ከድምፅዋ ተለይቶ አገኘሁት፤ ልዩነቱ አራት ፍሬም ያህል ነበር። ወደ ኋላ እየተመለስኩ ስመረምር በአንድ ሰዓቱ ላይ ሁለት ፍሬም፣ በግማሽ ሰዓቱ ላይ አንድ ፍሬም ሆነ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የማመሳሰል ፍተሻ የማደርገው በሦስት ቦታ ነው፦ መጀመሪያው ላይ፣ መሀሉ ላይና መጨረሻው ላይ። የመጨረሻው ጭብጨባ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ሁለቱም ጭብጨባዎች በሁሉም ካሜራ ላይ ከገጠሙ በመሀል ያለውን በሙሉ ልብ መቁረጥ ይቻላል።

መንሸራተት ከተገኘ የሚታረመው በምንጩ ሲኩዌንስ፣ ማለትም የሁሉም ካሜራ ክሊፖች ተመሳስለው በተደረደሩበት ሲኩዌንስ ውስጥ ነው። የተንሸራተተውን ካሜራ ክሊፕ በየሃያ ወይም በየሠላሳ ደቂቃው፣ በተለይ ዝምታ ባለበት ቦታ ቆርጠው ከቆረጣው በኋላ ያለውን በአንድ ፍሬም ወደሚገባው አቅጣጫ ይግፉት። ወደ ቀኝ ከገፉት በመሀል የአንድ ፍሬም ክፍተት ስለሚቀር፣ የቀደመውን ቁራጭ ጫፍ በአንድ ፍሬም ስበው ይሙሉት፤ ካልተሞላ በመጨረሻው ቪዲዮ ላይ ድንገት ብልጭ የሚል ጥቁር ፍሬም ይሆናል። የክሊፑን የፍጥነት መቶኛ በመለወጥ ማረም የሚሞክሩ አሉ፤ ለዚህን ያህል ደቃቅ ልዩነት ግን መቶኛው በቂ አይደለም።

ሲኩዌንሱን መፍጠር

በፕሪሚየር ፈጣኑ መንገድ ይህ ነው። በፕሮጀክት ፓኔሉ ውስጥ የሚመሳሰሉትን ክሊፖች፣ የተለየ የድምፅ ፋይል ካለም እርሱን ጨምረው ይምረጡና በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ክሪዬት መልቲካሜራ ሶርስ ሲኩዌንስ» የሚለውን ይክፈቱ። በሚመጣው መስኮት ላይ ስም ይሰጡታል፣ የማመሳሰያ መንገዱን ይመርጣሉ፣ የድምፁን አያያዝ ይወስናሉ። ለድምፅ ከቀረቡት ሦስት ምርጫዎች «ካሜራ 1» የመጀመሪያውን ካሜራ ድምፅ ብቻ ይወስዳል፤ «ኦል ካሜራስ» ሁሉንም ይይዛል፤ «ስዊች ኦዲዮ» ምስሉ በተቀየረ ቁጥር ድምፁንም ይቀይራል። የመጨረሻውን በጥንቃቄ ሊያዩት ይገባል፤ የአዳራሹ ድምፅ በየቆረጣው ሲለዋወጥ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቀውም ጆሮው ይረበሻል። ለአንድ ዝግጅት አንድ ዋና ድምፅ ይበቃል።

በሪዞልቭ ክሊፖቹን መርጠው በቀኝ ቁልፍ «ክሪዬት ኒው መልቲካም ክሊፕ ዩዚንግ ሴሌክትድ ክሊፕስ» ይላሉ፤ በሚከፈተው መስኮት የፍሬም ፍጥነቱን፣ የማመሳሰያውን መንገድና የካሜራዎቹን ስያሜ ይመርጣሉ። በፋይናል ከት ፕሮ ደግሞ ከፋይል ሜኑ «ኒው» ውስጥ «መልቲካም ክሊፕ» የሚለው ሲሆን፣ ድምፅን ለማመሳሰል እንዲጠቀም የሚያደርገው ሳጥን መመረጡን ያረጋግጡ። ፋይናል ከት በአንድ ክሊፕ ውስጥ እስከ 64 አንግል (የካሜራ እይታ) ይቀበላል።

ካሜራዎቹ በመሀል ብዙ ጊዜ ተዘግተው ከተከፈቱ ግን ፈጣኑን መንገድ አልወደውም፤ ሶፍትዌሩ የአንዱን ካሜራ ክሊፖች እንደተለያዩ ካሜራዎች ቆጥሮ አሥርና አሥራ ሁለት ትራክ ሲፈጥር አይቻለሁ። በዚህ ጊዜ በእጅ መሥራቱ ይሻላል። መደበኛ ሲኩዌንስ ይክፈቱ፤ የካሜራ 1ን ክሊፖች በሙሉ በመጀመሪያው የቪዲዮ ትራክ፣ የካሜራ 2ን በሁለተኛው፣ የካሜራ 3ን በሦስተኛው ላይ ያስቀምጡ፤ የመቅረጫውን ድምፅ ለብቻው በአንድ የድምፅ ትራክ ላይ ያኑሩ። ከዚያ ክሊፖቹን መርጠው በቀኝ ቁልፍ «ሲንክሮናይዝ» በማለት በድምፅ ያመሳስሉ፤ እምቢ ያለውን በጭብጨባው ወይም አንድ ጠንካራ ፊደል በሚጠራበት ቦታ በእጅ ያግጥሙ። «ፐ» እና «በ» የመሰሉ ከንፈር የሚያጋጥሙ ፊደላት ለዚህ ይመቻሉ፤ ከንፈሮቹ የሚላቀቁበት ፍሬምና ድምፁ የሚፈነዳበት ቦታ አንድ ነውና።

ሁሉም ሲገጥም የካሜራዎቹን የድምፅ ትራኮች ሚዩት አድርገው የመቅረጫውን ብቻ ይተዉ። ቀጥሎ ይህን ሲኩዌንስ «ምንጭ» ብለው ይሰይሙትና፣ በታይምላይኑ ላይ ያለው የኔስት ምልክት (አንዱን ሲኩዌንስ በሌላው ውስጥ እንደ አንድ ክሊፕ የሚያስገባው) መብራቱን አረጋግጠው ወደ አዲስ ሲኩዌንስ ይጎትቱት። አዲሱ ላይ እንደ አንድ ክሊፕ ሆኖ ይቀመጣል። በቀኝ ቁልፍ ተጭነው «መልቲካሜራ» ከሚለው ሥር «ኢኔብል» ሲሉ ሥራ ይጀምራል። የትራኩ ቁጥር የካሜራው ቁጥር ይሆናል።

ኮምፒውተሩ ካቃተው

አራት ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 100 ሜጋቢት ቢቀርጹ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ 400 ሜጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 50 ሜጋባይት ማንበብ አለበት። ዲስኩ ይህን ቢችል እንኳ ፕሮሰሰሩ ሊከብደው ይችላል። ኤች 264 በተባለው አሠራር የታመቀ ቪዲዮ አብዛኛውን ፍሬም ሙሉ አድርጎ አያስቀምጥም፤ ከአጠገቡ ካሉት ፍሬሞች የተለየበትን ብቻ ስለሚይዝ፣ አንዱን ለማሳየት ሌሎቹን መፍታት ግድ ይሆናል፤ ይህ በአራት ሲባዛ ምስሉ ይንቀረፈፋል። ስለዚህ የመልቲካሜራውን ሲኩዌንስ ከመፍጠር በፊት ለሁሉም ክሊፖች ፕሮክሲ (ለቅንብር ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ) ያዘጋጁ፤ በፕሪሚየር በቀኝ ቁልፍ «ፕሮክሲ» ከሚለው ሥር ይገኛል፤ ፕሮሬስ በተባለው ለቅንብር የሚመች የቪዲዮ ቅርጸት የተሠራ 1280 በ720 ፕሮክሲ ለመቁረጥ ይበቃል። ፕሮክሲ ለመሥራት ጊዜ ከሌለ የማጫወቻውን ጥራት ወደ ግማሽ ወይም ሩብ መቀነስ ጥቂት ይረዳል። እየተንቀረፈፈ ባለ ምስል ላይ መቁረጥ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የተጫኑት ቁልፍና ያዩት ምስል አንድ ቅጽበት ላይ አይውሉም።

መቁረጥ

በፕሪሚየር ሺፍትንና 0ን ሲጫኑ የፕሮግራም መስኮቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ በኩል ካሜራዎቹ ሁሉ፣ በሌላው የተመረጠው ይታያል። ያጫውቱትና 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይጫኑ። ሲያቆሙት ቆረጣዎቹ በታይምላይኑ ላይ ይቀመጣሉ። ቆሞ ሳለ ቁጥር ሲጫኑ አዲስ ቆረጣ አይፈጠርም፤ ያሉበት ቁራጭ ካሜራው ብቻ ይቀየራል። በሪዞልቭ ምስሉን በማውስ ጠቅ ሲያደርጉ ቆርጦ ይቀይራል፤ ኦልት ቁልፍን ይዘው ሲጫኑ ሳይቆርጥ ይቀይራል። በፋይናል ከት የቁጥር ቁልፉ ቆርጦ ሲቀይር፣ ኦፕሽን የተጨመረበት ሳይቆርጥ ይቀይራል። ይህን ልዩነት ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከሥራው ግማሽ ያህሉ ቆርጦ መቀየር ሲሆን ግማሹ ደግሞ የተቆረጠውን ሐሳብ መለወጥ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ሳያቆሙ መቁረጥን እመክራለሁ። እየሰሙ፣ ጆሮዎ ወደሚስበው ሰው ይሂዱ፤ ስህተት ሲሠሩ ተመልሰው አያርሙ፣ ይቀጥሉ። ሰው የተናገረውን እንደሰማ ጣቱን እስኪያዘው ድረስ ሩብ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ስለሚያልፍ፣ በዚህ ዙር የሚፈጠሩት ቆረጣዎች በሙሉ ከአምስት እስከ ስድስት ፍሬም ይዘገያሉ። ይህ አያስደነግጥም። በሁለተኛው ዙር በኤን ቁልፍ የሚመጣውን «ሮሊንግ ኤዲት» መሣሪያ ይዘው የቆረጣውን መስመር ወደ ግራ ትንሽ ሲስቡት፣ ድምፁም የሥራው ርዝመትም ሳይነካ ሽግግሩ ይቀድማል።

በውይይት ቅንብር ላይ ካሜራውን ሁልጊዜ የሚናገረው ላይ ማድረግ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ልማድ ነው። ጥያቄው ከባድ ከሆነ ጠያቂው ገና ሳይጨርስ ወደ ተጠያቂው ፊት መሄድ ይሻላል፤ መልሱ ከመነገሩ በፊት የሚታየው ዝምታ፣ ትንፋሽ መሳቡና ዓይኑን ዝቅ ማድረጉ ራሱ መልስ ነውና። በአንጻሩ ሰውየው አንድ ሐሳብ በሚያብራራበት መሀል ካሜራ መቀየር ሐሳቡን ይቆርጠዋል። በሙዚቃ ግን ሕጉ ይለያል፤ ቆረጣው ከምቱ ጋር ወይም ለአንድ ሁለት ፍሬም ቀድሞ ሲውል ይስማማል፤ የጊታር ተጫዋቹን ጣቶች የሚያሳየው ካሜራም ጊታሩ ብቻውን ከመግባቱ በፊት ሊመጣ ይገባዋል።

ሁለት ካሜራዎች አንድን ሰው ከተቀራረበ አቅጣጫና በተቀራረበ መጠን ካሳዩት ከአንዱ ወደ ሌላው መቁረጥ እንደ ስህተት ሆኖ ይታያል፤ ምስሉ ይዘላል። በአቅጣጫ ቢያንስ 30 ዲግሪ መለያየት ይገባቸዋል የሚባለውም ለዚህ ነው። ካሜራዎቹ እንዲህ ተቀራርበው ተቀርጸው ከመጡ በመሀል ሰፊውን ወይም የታዳሚውን ምስል አስገብቶ ማለፍ ይቻላል።

ቀለምና መጨረሻው

የቀለም ማስተካከያ ከተቆረጠው ታይምላይን ላይ ቁራጭ በቁራጭ ቢሠራ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ቦታ መንካት ይጠይቃል። በምንጩ ሲኩዌንስ ውስጥ ገብቶ ለእያንዳንዱ ካሜራ ትራክ አንድ ጊዜ ቢሠራ ግን በሁሉም ቆረጣዎች ላይ ወዲያው ይታያል። በፕሪሚየር ኮንትሮል ቁልፍን፣ በማክ ኮማንድን ይዘው ክሊፑን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ምንጩ ይከፈታል፤ በሪዞልቭ ደግሞ በቀኝ ቁልፍ «ኦፕን ኢን ታይምላይን» ይላሉ። አንዱን ካሜራ፣ ብዙውን ጊዜ ፊትን በቅርብ የሚያሳየውን፣ መለኪያ አድርገው ያስተካክሉና ሌሎቹን ወደ እርሱ ያቅርቡ። መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ከዚያ የነጩን ሚዛን፣ በመጨረሻ የቆዳውን ቀለም።

ሥራው ጸድቆ ሲያልቅ ቆረጣዎቹን ወደ ዋናዎቹ ክሊፖች የሚመልሰው «ፍላተን» የተባለው ትእዛዝ አለ። ኮምፒውተሩን ያቀልለታል፤ ፕሮጀክቱን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ለቀለም ሥራ ለማስተላለፍም ያስፈልጋል። ነገር ግን ፍላተን ከተደረገ በኋላ በቁጥር ቁልፍ ካሜራ መቀየር ስለማይቻል፣ ሲኩዌንሱን አስቀድመው ያባዙና አንዱን «መልቲካሜራ የመጨረሻ» ብለው ሳይነካ ያስቀምጡት። ደንበኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሎ «በዚህች ቦታ ላይ እኔን ብታሳየኝ» ሲል የሚከፍቱት እርሱን ነው።

ኤክስፖርት ከማድረግዎ በፊት የፕሮክሲ ማሳያው መዘጋቱንና ዋናዎቹ ፋይሎች መገናኘታቸውን ይመልከቱ፤ ከዚያ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ከፍተው ከንፈርና ድምፁን አንድ ጊዜ ደግመው ያረጋግጡ።